በበሬ ቆዳ ላይ የቆመው ሞተር

በዘንድሮው የፋሲካ ሳምንት፣ እዚህ ቢቸና፣ ከቤቴ በታች ባለው ቦይ ውስጥ ማን እንደጣለው ያልታወቀ የበሬ ቆዳ ተገኘ። ድሮ ቆዳ ገዥው ራሱ በየቤቱ እየዞረ ይለምን ነበር፤ ዛሬ የሚፈልገው የለምና ሰዉ ሥጋውን ያስገባል፣ ቆዳውን ለጎረቤት አፍንጫ ይተዋል። ፀሐይ ሲመታው ግማቱ ግቢዬ ገባ። ልጄ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «እማዬ፣ ኧረ በሩን ዝጊው!» አለች። ዘጋሁት። ምን ዋጋ አለው፤ ሽታው እኔን ቀድሞ ወስዶኛል፤ ወደ ሞጣ፣ ከሞጣም ቁልቁል ወደ ዓባይ ዳር።

ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ ነው። አባቴ አያ ምትኩ መጀመሪያ ገበሬ፣ በኋላ የወፍጮ ቤት ሞተር አንቀሳቃሽ ነበር። የከተማው ነጋዴዎች ተዋጥተው ከባሕር ዳር አንዲት አሮጌ ባለሞተር ጀልባ ገዝተው ዓባይ ላይ ሲያወርዱ፣ ሞተር የሚያውቅ እሱ ነው ብለው ለአባቴ ሰጡት። ክረምት አልፎ ወንዙ ሲረጋ ገበያተኛውን ወዲያና ወዲህ ያሻግራል። እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ገመድ አስራለሁ፣ የሴቶቹን ዕቃ እቀበላለሁ፣ ወሬያቸውንም አብሬ እቀበላለሁ።

ሞተሩ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ነው። ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ፣ በሳንቃ ተሸፍኖ፣ በአራት የጎማ እግሮች ላይ ይቀመጣል። ጎማዎቹ ዘይትና ናፍጣ ሲጠጡ ኖረው አበጡ፤ ከዚያም ተሰነጣጥቀው ተበሉ። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ዛር እንደወረደበት ሰው ይንዘፈዘፋል። ተሳፋሪ ሲያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ብሎን እየተፈታ ይወድቃል። አባቴን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው። ሞተሩ እንዲህ እየዘለለ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባዋን የሚገፋውን ማራገቢያ የሚያዞረውን ዘንግ ከሰበረው፣ ውሃው በዘንጉ ቀዳዳ ሰተት ብሎ ይገባል።

ታዲያ አዲስ ጎማ መፈለግ ነበር። አባቴ ግን እጁ ሞተር ቢለምድም ልቡ ገበሬ ነው። ገበሬ ቀንበርና ሞፈሩን የሚያጠብቀው በእርጥብ ጠፍር፣ በጥሬ ቆዳ ማሰሪያ ነው፤ ጠፍር ሲደርቅ ተጨማዶ ከብረት ይብሳል። አጎቴ ዘንድ በሬ ሞቶ ነበርና ሄዶ ቆዳውን ከነጠጉሩ አመጣ። ቆራርጦ፣ ደራርቦ፣ በአራቱ የሞተር እግሮች ሥር ጎዘጎዘና በጠፍር ጠፍንጎ አሰረው።

«አየሽ? እንኳን ሞተር ጎሽ ያቆማል» አለኝ።

እውነትም ለጥቂት ቀናት ሞተሩ ጨዋ ሆነ። ተሳፋሪው እጅህ ይባረክ እያለ ወረደ። ነገር ግን ቀንበር ሜዳ ላይ ይደርቃል፤ የጀልባ ሆድ መቼ ይደርቃል? ከታች የተጠራቀመ ውሃ፣ ከላይ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ የሞተሩ ትኩሳት፣ የቆላው ሐሩር! ቆዳው በለብታ ውሃ ተዘፍዝፎ ሰነበተ። መጀመሪያ ሽታው ሲመጣ ሰዉ ቅቤ የያዘችውን ሴት ጠረጠረ። በማግሥቱ ቅቤም ሳይኖር ሸተተ።

የነቢያት ጾም ገብቷል። አንድ ቀን መሐል ወንዝ ላይ አንዲት እማሆይ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠምጥመው «እናንተ ልጆች፣ እዚህ ውስጥ ምን ሞቷል?» አሉ። የጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ሰይድ ለጀልባዋ ካዋጡት አንዱ ነበርና ተነሥቶ ሳንቃውን ገለጠው። እግዚኦ! ጠጉሩ ከቆዳው ለቆ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በመሐሉ ነጭ ትል ይርመሰመሳል።

«አያ ምትኩ፣ የምን ቆዳ ነው ይኼ?»

አባቴ ውሸት አያውቅም። «የበሬ ነው።»

«የታረደ?»

አባቴ ሳንቃውን መልሶ ሊከድን ጎንበስ አለ።

«በክት! በክት ላይ አስቀምጠህ ታመላልሰናለህ?» ጋሼ ሰይድ እጁን ወደ ወንዙ ነክሮ መታጠብ ጀመረ። እማሆይ ያማትባሉ፣ አንዱ በጎን ያስታውካል። ክርስቲያንና ሙስሊሙ በአንድ አፍ ሲራገም ያን ቀን አየሁ። ዳር ስንደርስ ጋሼ ሰይድ ቁርጡን ተናገረ፦ «ለሚቀጥለው ገበያ ካልተጸዳች፣ ሰውም ካልተሳፈረባት፣ ጀልባዋን ለሌላ ሰው እንሰጣለን።»

አባቴ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም። ቢቸና ወርዶ ከአንድ ወፍጮ ቤት የተነቀለ ሞተር ጎማዎችን ይዞ መጣ። ሞተሩን በግንድ ፈልቅቀን በትንሹ አነሣነው፤ ከሥሩ ግን የእሱ ክንድ አልገባ አለ። የእኔ ገባ።

ስለዚያ ሥራ ስጽፍ አሁንም ምራቄ ይሞላል። በሆዴ ተኝቼ እጄን ስሰድ ቆዳው አልተያዘም፤ እንደ ንፍጥ በጣቶቼ መሐል አመለጠ። ስስበው ተገምሶ ግማሹ ቀረ። ጠጉሩ ክንዴ ላይ ተለጠፈ፣ ትሉ በእጅጌዬ ሽቅብ ወጣ። አስመለሰኝ።

«ትፊውና ሳቢ፣ የኔ ልጅ» ይለኛል አባቴ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ።

«አንተ አስገብተህ እኔ ላውጣ?»

«እጄ እምቢ ባይለኝ...» አለና ግንዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

አወጣሁት። ሆዷን በእንዶድና በአመድ ፈተግናት፣ በውሃ አጥለቀለቅናት። አዲሶቹን ጎማዎች አስገባን፤ አንዱ እግር ዝቅ ቢልበት አባቴ ከሥሩ ስስ ቆርቆሮ እየጨመረ፣ ዘንጉ በእጅ ሲዞር ሳይያዝ እስኪሽከረከር ድረስ አስተካከለ። ሞተሩ ሲነሣ ዝንፍ አላለም።

የገበያው ቀን ጠዋት ሰዉ ዳር ላይ ቆመ። ማንም አልገባም። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያሸታል።

«ንጹሕ ናት፣ ግቡ» አለ አባቴ።

«ንጹሕ ከሆነች እሷው ላይ ብላባት!» አለ ጋሼ ሰይድ።

አባቴ ጿሚ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፣ ያውም እማሆይ ፊት! ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔ እስከዚያ ሰዓት አልጾምም ነበር፤ ምሳዬም በአገልግሌ ውስጥ አለች።

ገባሁና ሞተሩ ላይ ያለው ሳንቃ ላይ ተቀመጥኩ፣ አገልግሉንም እዚያው ከፈትኩ። ሽሮ ነው። ጀልባዋ እንዶድ እንዶድ ትሸታለች፤ ለእኔ ግን ያ ግማት ከጥፍሮቼ ሥር አልወጣም። በዚያው እጅ ጠቀለልኩ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እንደምንም ዋጥኩና ፈገግ አልኩ። ሁለተኛ ጎረስኩ። ሰዉ አፌን ያያል። ሦስተኛውን ሳኝከው እማሆይ «ልጅቱ አጣጥማ እየበላች ነው እኮ!» አሉና ልብሳቸውን ሰብስበው ገቡ። ጋሼ ሰይድ ከኋላቸው። ከዚያማ መጋፋት ሆነ።

አባቴ እስኪያረጅ ያቺን ጀልባ ነዳ። ወሬውን ለሰው ሲያወራ ስለ ጎማዎቹ ነበር፤ እንዴት እንደገጠሙ፣ እንዴት ጸጥ እንዳሉ። እኔን ግን ማዕድ ላይ በቀረብን ቁጥር ቀድሞ ሳያጎርሰኝ አይበላም ነበር። ሌላ ምስጋና አልሰጠኝም፤ አልጠየቅሁትምም።

ካረፈ ቆይቷል። ሰው ለወላጁ መሬት ተከራክሮለታል፣ አስታሞታል፣ ቀብሮታል። እኔ ግን አባቴን ወደድኩት ስል የሚታወሰኝ ያ ማስመለስ እየተናነቀኝ የዋጥኩት እንጀራ ነው። ፍቅር እንዲህ የሚቀፍ ነገር ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር። ዛሬም ሽሮ ቀርቦልኝ የመጀመሪያዋን ስጠቀልል እጄ ትንሽ ይቆማል። ልጆቼ «ቀዘቀዘ እንዴ?» ይሉኛል። አልቀዘቀዘም እላቸውና እጎርሳለሁ።