ውጭ ያላደረው አተር

ሴትዮዋ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ፍርሃቱ ግን የገባባት አምና ነው። አምና በአንድ ሌሊት ውርጭ የአበባ አተሩ ችግኝ በሙሉ የፈላ ውሃ እንደፈሰሰበት ሣር ተኝቶ ተገኘ። ችግኙን ትንከባከብ የነበረችው በማግስቱ ተሰናበተች፤ አለቃው ቦታዋን ለዚህችኛዋ ሰጡ።

የአበባ አተር ለመዓዛው እንጂ ለድስት አይዘራም። ቀደም ብሎ ላስቲክ ቤት ውስጥ ይበቅልና ከመተከሉ በፊት ብርድ ይለማመዳል። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ጥላ ሥር ይወጣል፣ ቀጥሎ እስከ ቀትር፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በመጨረሻው ሳምንት ውጭ ያድራል። ቀን ቀን ማውጣቱን አላጓደለችም። ማሳደሩ ላይ ግን እጇ እምቢ አላት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የችግኝ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ተሸክማ መልሳ ታስገባለች።

"ኧረ እቴ፣ እሹሩሩ ማለት ብቻ ነው የቀረሽ!" ትላታለች ውሃ አጠጪዋ።

"ዝም በይ ባክሽ። የአምናዋን አላየሽም?"

"አይቻለሁ። እነዚህን ግን የምትተክያቸው መስሎኝ፣ የምትድሪያቸው ነው እንዴ?"

የተከላው ዕለት ጠዋት አለቃው መጡ።

"ስንት ሌሊት ውጭ አደሩ?"

"ሰባት" አለች።

"ጫኑ" አሉ ሠራተኞቹን።

የመጀመሪያው ሳጥን ጋሪው ላይ ወጣ። ግንዶቹ ቀጫጭን፣ ነጣ ያሉ፣ በትንፋሽ የሚንቀጠቀጡ ናቸው። ሜዳው ላይ ቢተከሉ አንድ ሌሊት እንኳ አይተርፉም። ብትናገር ዛሬ ትባረራለች፣ ዝም ብትል ነገ። ሁለቱም አንድ ሆነባት፤ ችግኞቹ ግን ዛሬ ገና በሕይወት አሉ።

"አላደሩም ጋሼ" አለች። "አንድም ሌሊት አላደሩም። ፈርቼ ነው።"

አለቃው አንዱን ግንድ በሁለት ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። ግንዱ ቀና ሳይል ቀረ።

"አውርዱ" አሉ ለሠራተኞቹ። ወደ እሷ ዞሩ። "ከዛሬ ጀምሮ በስስ ጨርቅ እየሸፈንሽ ውጭ ታሳድሪያቸዋለሽ። ጠዋት ጠዋት እኔው ራሴ አያለሁ።"

ይህን ብለው ሄዱ፤ ትባረር አትባረር ገና አላወቀችም።

ሲመሽ ጨርቁን ዘረጋችና ጫፍ ጫፉን በድንጋይ ያዘች። ሰማዩ እንደ ውርጭ ሌሊት ጥርት ብሏል፤ ምነው ትንሽ ደመና በሰጠኝ አለች በልቧ። ሳጥኖቹን እንደ ወትሮው ሳታስገባ፣ እጆቿን የምታደርግበት አጥታ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ቤቷ ሄደች።