በየደጁ የቆመ ውሃ

ባለፈው ሳምንት ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን አለፈች። ውሃ በፈረቃ ሆኗል፤ ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ ይቆጥብ ትላለች። ገና ከመታጠፊያው ሳትሰወር ጎረቤቱ ሁሉ ባልዲውንና ጀሪካኑን አንጋግቶ ወጣ። የልጅ ልጄም በርሜላችንን ሊሞላ ሮጠ። ቧንቧው መጀመሪያ አፈሰሰ፤ ቀጠለና ሳለ፤ ከዚያ ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

ያን ሳል አውቀዋለሁ። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ሥራዬ ጭቃ መርገጥ ነበር። ቤት የሚሠራ ሰው ይጠራኛል፤ አፈሩን ከጭድ ቀላቅዬ፣ በእግሬ ረግጬ፣ አሳድሬ ግድግዳውን እመርጋለሁ። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፤ ከከብት የባሰ ይጠጣል። የምኖረው እናቴ ስትሞት ወስዳ ካሳደገችኝ አክስቴ ከእትዬ ተዋበች ጋር ነው። እሷ ጠላ ትሸጣለች። ከደብረ ኤልያስ ለገበያ የሚመጣ ሰው የእሷን ጠላ ሳይቀምስ አይመለስም ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የአንድ ቤት ሁለት ሰው፣ ሁለታችንም እንጀራችን ውሃ ነው።

የዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ሰማዩ አንድም ደመና ሳይዝ፣ ሰማያዊም ሳይሆን፣ አመድ መስሎ ከረመ። ነፋስ ብቻ። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ቁራዎች ከባሕር ዛፉ ወርደው ሰፈሩ ሁሉ ውሃ በሚቀዳበት ቦኖ ሥር ያለችውን ረግረግ ይቆፍሩ ጀመር፤ ሰው ሲመጣ እንኳ አይበሩም። እትዬ ወጥ መሥራቱን ቀንሳ የተቆላ ሽምብራ ታበላኝ ነበር፤ ቆሎ ውሃ አይፈልግማ። ዛሬም የሽምብራ ቆሎ ሲሸተኝ ያ ነፋስ ይመጣብኛል።

አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው ቦኖው ዘንድ መጣ። ምንጩ እየሳሳ ነው፣ እባካችሁ ከየቤቱ አንዳንድ እንስራ ቀንሱ ብሎ ለመነን። አላስገደደም፤ ደህና ሰው ነበር። እኛ ግን የሰማነው ውሃው ሊያልቅ ነው የሚለውን ብቻ ነው። በማግስቱ ሁለት ይቀዳ የነበረው አራት ይዞ መጣ። ወረፋው እስከ ዋናው መንገድ ደረሰ። ሴቶች በቅል ተደባደቡ።

አያ ውብነህ የተነሡት ያኔ ነው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የገብርኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት የማኅበሩ መሪ፣ እሳቸው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንድ ነገር ከተናገሩ የማይመለሱ ሰው። ከዓይነ ስውር እናታቸው ከእማሆይ ጥሩ ጋር በአንዲት ሳር ቤት ይኖራሉ። ማኅበሩ በእትዬ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ብድግ አሉና፣

«ለምን እንደማንቆጥብ ልንገራችሁ» አሉ። «እኔ ብተው እሱ ይቀዳዋል እንባባላለን። አንተማመንም። ስለዚህ ለመልአኩ እንሳል።»

ያመጡት ነገር ይህ ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ እንስራ ሙሉ ውሃ ደጁ ላይ ያቆማል፤ አፉ በጭቃ ይደፈናል። ያ እንስራ የገብርኤል ነው። የቆመበት ቤት ዝናብ እስኪጥል በቀን ከአንድ እንስራ በላይ ላይቀዳ ምሏል ማለት ነው። ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም ተሸክሞ ወስዶ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ካሉት ዛፎች ሥር ያፈሰዋል።

«የኔስ ጠላ?» አለች እትዬ። «በምራቄ ልጥመቅ?»

«አንቺማ መሳደብ ከጀመርሽ ይበቃሻል፤ ምራቅ አታጪም!» አሉ አያ ውብነህ።

ሰው ሳቀ። እየተሳደበችም የመጀመሪያውን እንስራ ደጇ ላይ ያቆመች እትዬ ናት፤ አንድ ጆሮው የተሰበረ እንስራ ነበር።

የየቤቱን እንስራ አፍ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ጭቃ በሰሃን አቡክቼ ከደጅ ደጅ እሄዳለሁ፤ ወፍራም አድርጌ እለጥፋለሁ፤ አያ ውብነህ ተከትለው እርጥቡ ላይ በጣታቸው መስቀል ያበጃሉ። ውሃ ጠፍቶ የጭቃ ሥራዬን ከፈታሁ በኋላ የሠራሁት እሱን ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ሠራ። ወረፋው አጠረ። ጠባቂ አላስፈለገም። ሁለተኛ እንስራ ሊደግም የቃጣው ሰው ዘወር ብሎ ወደ ደጁ ያይና ይተወዋል። ቀጥኖ የነበረው የቦኖው ውሃ እንደገና ጠና። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው መጥቶ አይቶ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ሆኖም እኔን አንድ ነገር ደስ አላለኝም። በመንገዱ ግራና ቀኝ አፋቸው የታፈነ እንስራዎች ተደርድረው ሳይ፣ ማታ ከሥራ ፍለጋ ስመለስ አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው። እንስራ ያልበዋል፤ በጎኑ ውሃው ይወጣል። ውሾች ያንን ላብ ሊልሱ ይመጣሉ። እናቶች ውሾቹን በድንጋይ ያባርራሉ፤ ልጆቻቸውንም «እንዳትነኩት! የሚነካው እጁ ይደርቃል» ይላሉ። አያ ውብነህ እንዲህ አላሉም ነበር። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትልቁም ትንሹም አመነው። እኔም በገዛ እጄ የለጠፍኩትን ጭቃ መንካት ፈራሁ።

ግንቦት ላይ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች፣ ቦኖውም ለቀትር ተዘግቶ ሳለ፣ ጩኸት ሰማን። አያ ውብነህ የከሰል ካውያቸውን ደጃፋቸው ላይ ሲያራግፉ ነፋሱ ፍሙን አንሥቶ ሳሩ ላይ ጥሎታል። ስንደርስ ጣሪያው መንደድ ጀምሯል። ሰው ከየቤቱ ወጣ፤ ቅጠል የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ ባዶ እጁን የመጣ። አፈር ይበትናሉ፤ በቅጠል ይመታሉ። በየደጁ ደግሞ ሙሉ እንስራ ቆሟል። ሁሉም ያየዋል። ማንም አይነካውም።

«እማሆይስ?» አለች እትዬ።

አያ ውብነህ ቅንድባቸው ተለብልቦ፣ እያሳላቸው በሩ ላይ ወድቀዋል። ገብተው ጭሱ መልሷቸዋል። የራሳቸው እንስራ ክንዳቸው አጠገብ ነው።

«ውሃው!» አለች እትዬ። «ውሃው እኮ እዚህ ቆሟል!»

«የመልአኩ ነው ተዋበች!» አሉ። «ሰው አስምዬ ለራሴ ቤት ላፍርሰው? አፈር በትኑ!»

«እናትዎ ናቸው እኮ ውስጥ ያሉት!»

ቀና ብለው አዩዋት። ያን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እናታቸውን ጠልተው አይደለም፤ እጃቸው ወደ እንስራው ሄዶ ሲመለስ አይቻለሁ።

እትዬ ወደ ደጇ ሮጠች። ዘነዘናዋን አንሥታ በራሷ እንስራ ጭቃ ላይ፣ በመስቀሉ ላይ፣ አወረደችው። አብሮ የእንስራው አንገት ተገመሰ። ከሰዉ መሃል አንዲት ሴት እንደ ልቅሶ ጮኸች።

«አንተ! ጋቢህን አምጣ!»

አመጣሁ። ውሃውን አፈሰሰችብኝ፤ እንዴት እንደቀዘቀዘ! ተከናንቤ ገባሁ። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ጣሪያው ብቻ ይነዳል፣ ይንጣጣል። እማሆይን መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ መቋሚያቸውን ይዘው አገኘኋቸው። በእርጥቡ ጋቢ ጠቅልዬ አወጣኋቸው። እንደ ሕፃን ቀላል ነበሩ። ጣሪያው ከኋላችን ወረደ።

እማሆይ ደጅ ላይ ሲተነፍሱ ጋቢውን ዳበሱት።

«ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?»

እኔ ነኝ የነገርኳቸው፤ «የገብርኤል እንስራ ነው፣ እማሆይ። እትዬ ሰበረችው።»

«ታዲያ ሰዉ ምን ያስጨንቀዋል?» አሉ። «ሦስቱን ልጆች ከነደደ እሳት ያወጣ መልአክ ለእኔ ውሃ ሊሰስት ነው?»

የታኅሣሡን ገብርኤል በየዓመቱ የምናነግሥ ሰዎች ነን። ታሪኩን ከዳዊት ደጋሚው እስከ ሕፃኑ ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ያኔ ትዝ ያለው ከእማሆይ በቀር አልነበረም። ከሰሙም በኋላ ሌላ እንስራ የከፈተ ሰው የለም። ቤቱ እስከ ማገሩ ነድዶ አለቀ። እንስራዎቹ ሙሉ እንደሆኑ ቆመው አዩት።

በማግስቱ ማለዳ ስወጣ መንገዱ ላይ የኔን ጭቃ አገኘሁት፤ መስቀል ያለበት ስብርባሪ በየደጁ ተበትኗል። ሁሉም እንስራውን ወደ ቤቱ አስገብቷል። ስለቱ አንዴ ፈርሷል፣ የሰበረችውም እጇ አልደረቀ፣ እንግዲህ ማን ለማን ይቆጥባል ነው ነገሩ። ቦኖው ዘንድ ጋን ያመጣም ነበር። አያ ውብነህ አመድ እንደለበሱ መጥተው «ዛሬም አንድ ብቻ፣ ወገኖቼ» እያሉ ለመኑ። ሰው በትከሻው እየገፋቸው ቀዳ። እሳቸው ተራቸው ሲደርስ አንድ እንስራ ቀድተው ሄዱ።

ብዙ ሳይቆይ ቧንቧው ሳለ። ከዚያ ቆመ።

ሰው ወደ ጨሞጋ ወረደ። ወንዙም ወንዝ አልነበረም፤ እዚህም እዚያም የቆመ አረንጓዴ ኩሬ፣ ከከብትና ከአህያ ጋር የሚቀዳ። በሽታው የገባው በዚያ ነው። መጀመሪያ ሕፃናቱ ላይ ገባ። ትናንሽ ሬሳ በአንድ ሰው እቅፍ ሲሄድ፣ ቀጥሎም ሌላ፣ ቀጥሎም ሌላ አየን። ሰዉ ምክንያት ፈለገ፤ አገኘም። «ተዋበች የመልአኩን ውሃ ደፍታ ሰማዩን ዘጋችብን» አሉ። ሰላምታ ነሷት። ደጇን ሲያልፉ ያማትባሉ። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት ቤቷ ውስጥ ቁጭ ብላ ባዶ ጋኗን በጭስ ታጥናለች።

አንድ ጠዋት አያ ውብነህ እንስራ ተሸክመው መጡ። ከሩቅ ምንጭ፣ ከአምበር መንገድ በኩል፣ ራሳቸው ቀድተው ያመጡት ነው። እትዬ ደጅ ላይ፣ የተሰበረው በቆመበት ቦታ አቆሙት። ሰው እንዲያያቸው ቀስ ብለው ነው ያቆሙት።

«ጭቃ ላቡካ?» አልኳቸው።

«አትድፈነው። ጣሳ አድርግበት።» ከዚያ መንገድ ላይ ወደ ቆመው ሰው ዞሩ። «ውሃ አስቀመጥን እንጂ ለምን ቀን እንደሆነ አልተነጋገርንም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የተዋበች አይደለም። እናቴ በሕይወት ያለችው በእሷ ነው። የታመመ ልጅ ያለው ከዚህ ይቅዳ።»

እትዬ በሩ ላይ ብቅ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«የኔው እንስራ አንድ ጆሮ ነበረው» አለች። «ይሄ ሁለት አለው። የአንዱን ጆሮ መልስ ስጪኝ እንዳይሉኝ።»

የመጀመሪያዋ ሴት ልጇን ታቅፋ እስክትመጣ ብዙ ቆየ። መጣች ግን። ከእሷ በኋላም መጡ። አያ ውብነህ ዝናቡ እስኪጥል ያችን እንስራ ሲሞሉ ከረሙ። ሰኔ ላይ ዝናቡ መጣ፤ በማን ጸሎት መጣ፣ በማን ኃጢአት ዘገየ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሞቱት ሞተዋል።

ባለፈው ሳምንት መኪናዋ ካለፈች በኋላ የሞላችውን አንዲት ጀሪካን ደጄ ላይ አወጣሁ። ክዳኗን ፈታሁ፤ ጣሳ አስቀመጥኩባት።

«አያቴ፣ ይወስዱታል እኮ» አለኝ ልጁ።

«ለዚያ ነው ያወጣሁት» አልኩት።

አልገባውም። ቁጭ ብዬ መንገዱን አየሁት። ነፋሱ አቧራ ይዞ ከላይ ይወርዳል፤ ሰማዩ አመድ መስሏል። በሌላ ሰው ደጅ ላይ ምንም የለም። ከጓሮ ቧንቧው አንዴ ሳለ፤ ከዚያም ከየቤቱ ውስጥ በርሜል ሲከደን ሰማሁ።