ረጅሙን ውሰድ

ልጅ እያለሁ ጠመንጃችን ጥንቅሽ ነበር። ማሽላው ሲያሽት እኛ የፃግብጂ ልጆች አገዳ አገዳችንን ተሸክመን ስንታኮስ እንውላለን። ታላቅ ወንድሜ ካሴ አጭሩን ይመርጣል፤ ለሩጫ ይመቻል ባይ ነው። እኔ ሁልጊዜ ረጅሙን ነበር የምይዘው፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ጠመንጃው ይበላላ! ጣፋጭ ውሃው አገጬ ላይ ሲወርድ አሁንም ይታወቀኛል።

እውነተኞቹ የአባቴ ነበሩ። ሁለት ምንሽር፣ አንዱ አፈሙዙ ረጅም፣ ሌላው አጭር፣ ምሰሶው ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለው ይውላሉ። በሞራ ስለሚወለውላቸው ቤታችን ሞራ ሞራ ይሸት ነበር። ረጅሙ የማሳ ጠመንጃ ነው፤ ዝንጀሮውን ገና ከገደሉ ማዶ እያለ ያባርርበታል። አጭሩን ግን እምብዛም አያወርደውም። “ጩኸቱ ይበዛል፣ ትከሻ ይደቃል፣ ሩቅ አይደርስም። የተሠራው ለቅርብ ሰው ነው” ይል ነበር።

አባቴን በድንበር ጠብ አንድ ጎረቤታችን ገደለው። ሽማግሌዎች እርቁን ጀምረው ሳለ አርባው ደረሰ። የተዝካሩ ሰው ሳይበተን አጎቴ ሁለቱንም ምንሽር አውርዶ ቁርበት ላይ አጋደማቸው። በእኛ ቀዬ የሟች የበኩር ልጅ አንዱን ይመርጣል፣ የቀረው ለሟች ወንድም ይሆናል። ሰው ሁሉ የካሴን እጅ ነበር የሚያየው። ረጅም ጠመንጃ ከሩቅ ይታያል፤ እሱን ካነሳ እርቁን ተቀብሏል ማለት ነው። አጭሩ ግን ጋቢ ውስጥ ገብቶ ገበያ መሀል ይደርሳል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

እናቴም ብትሆን አትችልም። “ተው አትበቀል” ብትል የባሏን ደም ረሳች ትባላለች። መቀነቷን አጥብቃ ከምሰሶው ስር ቆመችና፣

“ረጅሙን ውሰድ ልጄ፤ ዝንጀሮው ማሳችንን ጨረሰውኮ” አለችው።

“ልጁ ራሱ ይምረጥ እንጂ” አላት አጎቴ።

“እሱስ ልክ ነዎት። እኔ ለማሽላው ብዬ ነው።”

ካሴ ረጅሙን አነሳ። እናቴ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። ትከሻው ላይ አስደግፎ ወደ በሩ አነጣጠረ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ አጋደመውና አጭሩን አነሳ። ልጮህ ፈለግኩ፤ ግን ምን ብዬ? እናቴ ያጣችውን ቃል እኔ ከየት አመጣዋለሁ?

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ጋቢውን ደርቦ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ተኩሱን ከቤታችን ሆነን ሰማነው። አባቴ እንዳለው ጩኸቱ ይበዛ ነበር። ካሴ በሰሃላ በኩል ሸፈተ አሉ፤ እስከ ዛሬ ሬሳውም ወሬውም አልመጣም።

አሁን የምኖረው ሰቆጣ ነው። በካሴ ስም የጠራሁት ልጄ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ በዚህ ስኮራ ኖርኩ፣ ሞኝ። ሰሞኑን ግን ሁለት ቦርሳ፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ፣ አልጋው ላይ አስቀምጦ “ደብረ ብርሃን ለሥራ ልሄድ ነው” አለኝ። ደብረ ብርሃን የሚሄድ ልጅ ትልቁን ይይዛል። ትንሿን የሚያነግቱት በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ሳውዲ ለመግባት የሚነሱት ናቸው። ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሚናገር የለም። የጎረቤቴ ልጅ እንዲሁ ወጥቶ ቀርቷል።

“ትልቁን ውሰድ ልጄ” አልኩት። “የደብረ ብርሃን ብርድ አይጣል ነው፤ ብርድ ልብስ ይይዝልሃል።”

የእናቴ ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ልጄ ትልቁን አነሳ፣ በእጁ መዘነው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።