መልስ የሚጠብቅ ካሴት

ዛሬ ሰው ስልኩ ላይ ድምፁን ቀድቶ ሲልክ ባየሁ ቁጥር "ይህን ነገር ማን እንደ ጀመረው ጠይቁኝ" ማለት ያምረኛል። እኛ ነን! በደርግ ጊዜ፣ ወረታ ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች ከሚገናኙበት ጥግ፣ እኔና ሬዲዮ ጠጋኙ ጓደኛዬ።

ሐሳቡ የኔ ነው። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ የራሱ ነው ይላል፤ ይበል። ልጁ ውትድርና የሄደበት ሰው ደብዳቤ የሚያስጽፈው በሰው እጅ ስለሆነ ጸሐፊውን እያፈረ የሆዱን አይናገርም ነበር። ታዲያ ድምፁን በካሴት ቀድተን ብንልክለትስ? ይህን ያሰብሁ ቀን ምሳዬን ረሳሁ። መሪጌታው አባቴ ግን ከቅኔ ቤት ወጥቼ የሰው ድምፅ ልሸጥ መሆኔን ሲሰሙ ተቆጡ። እናቴ ስትለምንልኝ ግን አባቴ አንድ ወይፈን ሸጠው ድምፅ መቅጃ ቴፕ ገዙልኝ።

"እስከ ጥምቀት ነው" አሉኝ። "እስከዚያ ካልሆነልህ ቴፑ ይሸጣል፣ አንተም ወደ ቅኔህ ትመለሳለህ።"

ለሳምንታት ድምፁን ሊያስቀዳ ወደ ጓደኛዬ ሱቅ የመጣ የለም። ሁሉም ሌላው ሞክሮት ሊያይ ይጠብቃል። በኅዳር ግን አንዲት እናት የፎገራን ሜዳ ጭቃ አቋርጠው መጡ። ልጃቸው አስመራ ወታደር ነው፤ ፈቃዱን ጨርሶ በዚያው ቀን አውቶቡስ የሚመለስ ጓደኛው ካሴቱን ያደርስላቸዋል። የመጀመሪያ ደንበኛችን! ገበያው ሁሉ የሚፈርድብን በሳቸው ካሴት ነበር። የመቅጃውን ቁልፍ ተጫንሁ።

"እንደምን ከረምህ ልጄ? ደህና ነህ ወይ?" አሉና ዝም አሉ። ካሴቱ ይዞራል። ቆይተው "እሰይ፣ ተመስገን" አሉ። "እግርህስ ተሻለህ?" አሁንም ዝም። "ላሚቱ ወለደች። እምቦሳዋን ማን እንበላት?" ዝም። "ደግ ስም ነው።"

ጓደኛዬ ሣቁን ለማፈን አፉን ያዘ፤ እኔ ግን ተናደድሁ። ካሴቱ በባዶ እያለቀ ነው!

"እማማ፣ ልጅዎ እዚህ የለም። መልስ አይጠብቁ፣ ሳያቋርጡ ይናገሩ።"

"ምነዋ ልጄ!" አሉኝ። "ጠይቄው ሳይመልስልኝ ሌላ ልጠይቀው? እናቴ ናቀችኝ አይልም?"

እንደገና እንቅዳ ስንል አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ወታደሩ ካሴቱን ቀምቶን ሮጠ። ግማሹ ባዶ የሆነ ካሴት! በቃ፣ አለቀልን ብዬ ወደ ቅኔ ቤት የምመለስበትን ቀን መቁጠር ጀመርሁ።

ከጥምቀት በፊት በነበረው የመጨረሻ ገበያ መልሱ መጣ። ሴትዮዋን አስጠራን። ወሬው ቀድሞን ሱቁ በሰው ሞላ፤ አባቴ ሳይቀሩ በር ላይ ቆመዋል። ቁልፉን ተጫንሁ። የወጣው የሴትዮዋ የራሳቸው ድምፅ ነው፤ "እንደምን ከረምህ ልጄ? ደህና ነህ ወይ?"

ያንኑ ካሴት መለሰልን ብዬ በድንጋጤ ላጠፋው ስል፣ "ደህና ነኝ እማዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ልጁ።

"እሰይ፣ ተመስገን" አሉ እናቱ ከካሴቱ ውስጥ።

ልጁ የእናቱን ካሴት በአንድ ቴፕ እያሰማ፣ በተዋሰው ሌላ ቴፕ እየቀዳ፣ እሳቸው ዝም ባሉበት ሁሉ ገብቶ መልሷል። እግሩ ድኗል። የእምቦሳዋን ስም ሲያወጣና እናቱ "ደግ ስም ነው" ሲሉ ሱቁ በሣቅ ተናወጠ። ሴትዮዋ ቴፑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስሁ፤ ደስታው አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ።

ከዚያማ ግፊያ ሆነ። "እኔን አስቀድመኝ" የማይል የለም። ጓደኛዬ እየጮኸ ሰልፍ አስያዘ። አምስት ሰው ቀድተን ቀና ስል፣ ቀጥሎ ያሉት አባቴ ናቸው።

"አዲስ አበባ ለቀረው ታናሽ ወንድሜ ነው" አሉና ተቀመጡ። ቁልፉን ልጫን ስል እጄን ያዙኝ። ያን ሁሉ ተማሪ ያስቀኙት መሪጌታ፣ ሰልፈኛው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስቲ አስተምረኝ" አሉኝ። "ጠይቄው ስንት ያህል ዝም ልበል?"