ፊት እየሮጡ መጠበቅ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ በስድብ ነው የጀመረው።

ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣሁት የስፖርት አስተማሪዬ ለአትሌቲክስ ማሠልጠኛው ዋና አሰልጣኝ ስልክ ደውለው «ይህን ልጅ እዩልኝ» ብለውልኝ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ተሰለፍን። አሰልጣኝ ሙላት ፊሽካ ነፉ። እኔም አቅሜን ላሳይ ብዬ ተፈተለክሁ፤ ሁሉንም ጥዬ ወጣሁ። ዞሬ ስመጣ ያመሰግኑኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ጠቁሮ ቆመዋል።

«ማን ቅደም አለህ?»

«ሩጡ አላሉም እንዴ?»

«ሩጡ አልሁ እንጂ ቅደሙ አልሁ? ከፊትህ ያለውን ልጅ እግር እያየህ፣ እሱ የረገጠበትን እየረገጥህ ነው የምትሄደው። ነገም እንዲህ ካደረግህ ጅጋህ ትመለሳለህ!»

ሯጭ ሊያደርጉኝ አምጥተው አትቅደም አሉኝ። ግራ ገባኝ። ማታ አብሮኝ የተኛውን ልጅ ብጠይቀው «ዝም ብለህ ተከተል፤ እኔም እስካሁን አልገባኝም» አለኝ። እሱ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር።

የሥራው ቋንቋ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። «ዱብ ዱብ» ማለት ድካም ለማውጣት ቀስ ብሎ መሮጥ ነው፤ «ኮሮኮንች» በጠጠር መንገድ ላይ የሚሠራው ነው፤ «አስፋልት» የተባለ ቀን ደግሞ ነፍስ ይወጣል። አሰልጣኝ ሙላት በዱብ ዱብ ቀን ስንፈጥን ይቆጣሉ፣ በአስፋልት ቀን ስንዘገይ ይቆጣሉ። ሲደክመን ፍጠኑ ይሉናል፣ ሳይደክመን ቀስ በሉ ይሉናል። ሰውየው ሆን ብለው የሚያምታቱን ይመስለኝ ነበር።

ስለ ርቀቴም ቢሆን የተስማማ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ሺህ አምስት መቶ ሮጥሁ። ቀጥሎ አሰልጣኙ አረማመዴን አይተው «አንተ አምስት ሺህ ነህ» አሉኝ። ረዳት አሰልጣኙ ደግሞ እሳቸው በሌሉበት ወደ ጥግ ጠራኝና «የአሥር ሺህ ሰው ነህ፤ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። ለማን ብዬ ነው የምናገረው? እኔው ራሴ ምን እንደሆንሁ አላውቅም።

የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክለብ መግባት። ማሠልጠኛው ምግብና መኝታ እንጂ ደመወዝ የለውም። ክለብ የገባ ሰው አትሌት ይባላል፤ እንጀራው ሩጫ ይሆናል። ሳይገባ ዕድሜው ያለፈ ግን አገሩ ተመልሶ «ሲሮጥ የነበረው ልጅ» እየተባለ ይኖራል። ጅጋ ውስጥ እንዲህ የሚባሉ ሰዎች አውቅ ነበር፤ እንደነሱ መሆን በጣም ያስፈራኝ ነበር።

ስመኝ የመጣችው በሦስተኛው ዓመቴ ነው። ከአዴት አካባቢ የመጣች ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። እግሯ ተአምር ነው፤ ግን ማሰብ የሚባል ነገር የለም። ፊሽካ ከተነፋ እንደ እሳት ትነሣለች፣ ግማሽ ላይ ዐመድ ትሆናለች። አሰልጣኝ ሙላት መክረው፣ ተቆጥተው፣ አባብለው ሲያቅታቸው እኔን ጠሩኝ።

«እንየው፣ ከነገ ጀምሮ የስመኝ አሯሯጭ ነህ።»

በልምምድ ላይ ሴት ሯጮች አንድ ወንድ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይይዝላቸዋል። አሯሯጭ የሚባለው እሱ ነው።

«የራሴስ ልምምድ?» አልኋቸው።

«እሱም ልምምድ ነው።»

«እስከ መቼ?»

«አንድ ዓመት ቢሆን ነው።»

አንድ ዓመት የተባለው አራት ዓመት ፈጀ።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ የእጅ ሰዓት እያየሁ ነበር የምሮጠው፤ አሰልጣኙ በሳምንቱ ሰዓቱን ከእጄ ፈቱት። «ሰዓት ካየህ እሷን ትረሳለህ። በጆሮህ ሂድ» አሉኝ። ወደ ኋላ መዞር አንገት ያጣምማል፣ እርምጃም ያበላሻል። ስለዚህ ማዳመጥ ተማርሁ። የስመኝ ትንፋሽ በአፍንጫዋ ሲመላለስ ትንሽ መጨመር ይቻላል። ወደ አፏ ሲወጣ ባለበት መያዝ ነው። ትንፋሿ ከራቀ ደግሞ ሳታውቅብኝ መቀነስ አለብኝ፤ ካወቀች ትናደዳለች፣ ከተናደደች ትፈተለካለች፣ ከዚያ ያ ቀን አለቀ ማለት ነው። ነፋስ ሲነሣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እሆናለሁ። ቡሬ ድረስ ሄደን አስፋልት በምንሠራባቸው ቀናት መንገዱ ዳር በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይቆያል፤ እሷም ታስላለች፣ እኔም አስላለሁ። የበርበሬ ሳልና የድካም ሳል እንደሚለያዩ የሚያውቅ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን አባቴ ለገበያ መጥተው ሜዳው ዳር ቆመው አዩኝ። ልምምዱ ሲያልቅ ላቤን እየጠረግሁ ወደሳቸው ሄድሁ።

«ያቺን ልጅ ትቀድማታለህ ማለት ነው?» አሉኝ።

«አልቀድማትም፤ ፊት ፊቷ ነው የምሄደው።»

«እሷስ አትቀድምህም?»

«መጨረሻ ላይ እለቅላታለሁ።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«ማንም አያሸንፍም አባባ፤ ልምምድ ነው።»

አባቴ ጎንበስ ብለው መሬቱን በዱላቸው ጫር ጫር አደረጉ። «ደግ ነው» አሉ። «መቼም አንድ ቀን ላንተም ፊት ፊት የሚሄድልህ ይመጣል።» በአነጋገራቸው ማዘናቸው ይሁን ማሾፋቸው አልገባኝም፤ እሳቸውም አላብራሩልኝ።

ለአሰልጣኝ ሙላት ስለ ራሴ ውድድር በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። በየዓመቱም «ስመኝን እናድርስና» ይሉኛል። ልጅቷ በበኩሏ ደረሰች። ክልል ላይ አሸነፈች፣ ትልቅ ክለብ ወሰዳት፣ ውጭ አገርም ሄዳ ሮጠች። ኔትወርክ በነበረባት አንዲት ቀን ደወለችልኝ።

«እንየው፣ የዚህ አገር አሯሯጭ ዝም ብሎ ይሄዳል እኮ!» አለችኝ። «ቀረች፣ ደከማት አይል። ጥሎኝ ሄደ!»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ተናድጄ ተከተልሁት።»

እየሳቅሁ ስልኩን ዘጋሁ፤ ወዲያው ግን ሆዴ ባባ። አራት ዓመት ሙሉ እንዳትናደድ ስጠነቀቅላት ነበር። ለካ ብትናደድም ትሮጣለች።

ከዚያ በኋላ ነው አሰልጣኝ ሙላት ቢሯቸው ጠርተው ያስቀመጡኝ። የሚጠጣ ውኃ ሰጡኝ፤ ይህን አድርገው አያውቁም ነበር።

«ቡሬ ላይ ምርጫ አለ። በአምስት ሺህ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ክለብ ይወስዳቸዋል። ዕድሜህም እየሄደ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚወስድህ ያለ አይመስለኝም።»

«ልዘጋጅ እንግዲያው?»

«ተዘጋጅ። ጠዋት ጠዋት ግን አዲሶቹን ሴቶች ማስሮጥህን እንዳትተው፤ ሌላ ሰው የለኝም።»

ተዘጋጅ ነው ያሉኝ ወይስ አትዘጋጅ? ጠዋት ልጆቹን አስሮጣለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በደከመ እግር የራሴን እሠራለሁ፤ እሱንም ቢሆን ከኋላዬ የሚከተል ልጅ አይጠፋም፤ ሁሉም እኔን መከተል ለምዷል። ውድድሩ መንገድ እየተዘጋ ሁለት ጊዜ ተራዘመ። በስተመጨረሻ መንገዱ ተከፈተና ቡሬ ገባን።

የቡሬው መም ሣር ላይ በኖራ የተሰመረ ነው። የመጨረሻ ዙር ደወሉ ደግሞ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ አንድ ዳኛ ብረት ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ታኬታዬን አሠርሁ። መነሻው መስመር ላይ ስቆም ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከዚያ «ዛሬ ማንንም አታስሮጥም» ብዬ ለራሴ ነገርሁት።

ከግማሽ በላይ ከሄድን በኋላ ከፊት የቀረነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔ እመራለሁ፣ የቡሬው ልጅ አንዱዓለም ከኋላዬ አለ። ሦስተኛው፣ ቀይ ካናቴራ የለበሰ ረጅም ሰው፣ በጣም ርቆ ቀርቷል። አንደኛና ሁለተኛ ነው የሚፈለገው። እንዳለን ብንጨርስ ሁለታችንም ክለብ ገባን። ድካም የሚባል ነገር አልተሰማኝም፤ እንደዚያን ቀን ቀሎኝ ሮጬ አላውቅም።

ሁለት ዙር ሲቀር የአንዱዓለም ትንፋሽ ወደ አፉ ወጣ። ቀጥሎ እየራቀ ሄደ።

እዚህ ላይ ምን እንዳሰብሁ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ምንም አላሰብሁም። እግሬ ቀነሰ። ሳያውቅብኝ፣ ሳይናደድ፣ ልክ እንደተማርሁት። ነፋሱ የሚመጣበት በኩል እንኳ ወጣሁለት።

«ሂድ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ!» አሰልጣኝ ሙላት ከሜዳው ዳር ጉሮሯቸው እስኪበጠስ ይጮኻሉ። ጩኸታቸውን ሰማሁት። ግን ማንን እንደሚሉ አልገባኝም፤ እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። የአንዱዓለም ትንፋሽ ቀስ እያለ ተመለሰ፣ ወደ አፍንጫው ገባ፤ እኔም ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቸርኬው ሲመታ ነው የነቃሁት። ሌላ ኮቴ ከኋላ ይሰማኛል፤ ቀይ ካናቴራው ደርሶብናል። አንዱዓለም አርፏልና በቀኜ ወጣ። ቀዩም ተከተለው። እኔም ልፈተለክ አልሁ፤ እግሬ ግን የሚያውቀው የስመኝን ፍጥነት ነው፣ ከሱ በላይ አልሄድ አለኝ። መጨረሻ ላይ መልቀቅም ልማዴ ነው። ሦስተኛ ወጣሁ።

ሣሩ ላይ ተዘርሬ ሳለሁ አንዱዓለም መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ።

«አያ እንየው፣ ባትጠብቀኝ ኑሮ ወድቄ ቀርቼ ነበር። ውለታህን እግዜር ይክፈልህ።»

«አልጠበቅሁህም» አልሁት።

«ኧረ ጠብቀኸኛል! ሲብስብኝ እኮ ቀነስህልኝ።»

ለካ እሱ ደግነት መስሎታል። ተነሥቼ ከሜዳው ጀርባ ሄድሁና አለቀስሁ። አውቄ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ እንኳ ባልከፋኝ፤ መስጠቴን ሳላውቅ ነው የሄደብኝ። አሰልጣኝ ሙላት ተከትለውኝ መጡ። «ጥፋቱ…» ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። ትከሻዬን ይዘው ቆሙ።

ወደ መኪናው ስንሄድ ከክለቡ የመጡት ሽማግሌ አሰልጣኝ አስጠሩኝ።

«ልጁን የጠበቅኸው አንተ ነህ?»

መልሴንም ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ጆሮ ያለው ሰው በስንት ዘመን አንድ ጊዜ ነው የሚገኘው። የሴቶች ቡድናችን አሯሯጭ የለውም፤ ትመጣለህ?»

«በሯጭነት ነው ወይስ…»

«በአሯሯጭነት። ደመወዝ አለህ፣ ትጥቅ አለህ። ውድድር ግን አንተ አትሮጥም።»

ክለብ የገባሁት እንዲህ ነው። በተሸነፍሁበት ምክንያት ተቀጠርሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ተናድጄም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም። እግሬ እምቢ እስኪል ድረስ ለዓመታት ሴቶችን አስሮጥሁ፤ ብዙዎቹ የት የት ደረሱ። ለራሴ ግን ከቡሬው በኋላ አንድም ውድድር አልሮጥሁም፤ ያን ቀን ቀሎኝ ስለነበረው እግር ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም ረዳት አሰልጣኝ ነኝ። ከእኔ ጋር ለምትሠሩ ወጣት አሰልጣኞች ከሥራዬ የማስተላልፈው ይህን ነው። አሯሯጭ ያደረጋችሁትን ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ብቻውን አስሩጡት። ያን ቀን ከኋላው ማንም አይሁን። መጀመሪያ አካባቢ ዞር ዞር ይላል፣ ይቀንሳል፤ አትቆጡት፣ ይለቀዋል። ሳይለቀው ግን ውድድር ላይ አታሰልፉት። እኔን ማንም ብቻዬን አላስሮጠኝም።