አማቴና የዋንዛው ደረጃ

የደረጃችን ምንጣፍ ሲገዛ ቀይ ነበር ይባላል። እኔ ሳውቀው የሽሮ መልክ ነበረው። ውስጡ ያለው አቧራ ሌላ የታቦር ተራራ ይወጣዋል እያልኩ ስቀልድ ባለቤቴ ትቆጣ ነበር። የትንሿ ልጃችን አስም ሲብስ ግን ሐኪሙም የእኔኑ ደገመው፤ ምንጣፉ ከቤት ይውጣ አለ።

ተነቀለ። አናጢው ደረጃውን በዋንዛ ጣውላ አለበሰልን። ቫርኒሹ ሲደርቅ ጺም መላጫ መስታወት ሆነ። ባለቤቴ ይኼም አልበቃት ብሎ እንደ ሳሎኑ ፓርኬ ሰም ቀባችው። ልጅቷ መተንፈስ ጀመረች፤ እኛም ደስ አለን።

በማግስቱ እሑድ አማቴ ለቅዳሴ ሊወርዱ ሲሉ ከነካልሲያቸው ተንሸራተቱ። ፎቅ ላይ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ከታች እየሮጥኩ ደረስኩና እጄን ዘረጋሁ። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ "ተዉኝ! ልጄ ትምጣ!" አሉኝ።

አማቴ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን ዛሬም "እርስዎ" ነው የሚሉኝ። ፊቴ አይጎርሱም። ስቀልድ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነው የሚስቁት። አማች እጃቸውን ይዞ ሲያነሳቸው ከሚታዩ እዚያው ደረጃ ላይ ቢያድሩ ይመርጣሉ።

አጥንታቸው አልተሰበረም። የተሰበረው ልባቸው ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ አልወርድም አሉ። ምግባቸው ወደ ላይ ይወጣል፣ ሳህኑ ግማሽ ሆኖ ይመለሳል። ሰሙን ፍቄ አነሳሁ። አሮጌ የመኪና ጎማ ካልመዳሪያ ቆራርጬ በየደረጃው ቸነከርኩ፤ ቤታችን የጎሚስታ ሱቅ መሰለ።

"እማማ፣ አሁንማ ባጃጅ ይወጣዋል!" ብዬ ከታች ጮህኩ።

"ባጃጁ ይውጣበት" አሉ። ሳቅ የለም።

"በጀርባዬ ላውርድዎት?"

"አማች ተሸክሞኝ? ምነው ሞቴን ባደረገው!"

ባለቤቴ ደግሞ የእናቷን ግማሽ አታህልም። ብትደግፋቸው ሁለቱም ተያይዘው ነው የሚወርዱት። እሑዶቹ እንዲሁ አለፉ። እኔም ቀልዴ እየሳሳ ሄደ።

አንድ ጠዋት የማኅበር ጓደኛቸው፣ ከእኛ አጥር ማዶ የሚኖሩት ሴትዮ፣ ማረፋቸው ተሰማ። ቅዳሴ ይቀራል፤ የጓደኛ ለቅሶ ግን እንዴት ይቀራል? አማቴ ጥቁራቸውን ለብሰው ደረጃው አናት ላይ ብቅ አሉ።

"እርስዎ ከታች ይቁሙልኝ" አሉ። "ፊትዎን ወደ በሩ አዙረው።"

ያኔ ገባኝ። ቁጭ ብለው፣ እንደ ሕፃን እየተንፏቀቁ ሊወርዱ ነው፤ ያንን አማች እንዲያይ አይፈልጉም። ቢወድቁ ግን የምይዛቸው እኔ ነኝ። ሳላይ!

በሩን እያየሁ ቆምኩ። ምንጣፉ ቢኖር ምንም አይሰማም ነበር፤ ጣውላው ግን እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ይናገራል። ሲጥ፤ ትንፋሽ፤ ሲጥ። ከኋላቸው ባለቤቴ፣ "ቀስ፣ እማዬ፣ ቀስ" ትላለች። መሐል ላይ ድምፁ ቆመ።

"እማማ?"

"እንዳይዞሩ!"

ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ምላሴ መቼም አያርፍ፣ "ዛሬ ካልወረዱ ድንኳኑን እኛ ግቢ አስተክለዋለሁ!" አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ድንኳን እኛ ግቢ የሚተከለው ለማን ነው? ባለቤቴ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል!" አለች። ደረጃው ላይ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየሁት ትንፋሽ ተሰማኝ። ከዚያ፣ ሲጥ።

በመጨረሻ ድምፁ ከጀርባዬ ሥር ሲደርስ በርከክ አልኩ፤ ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። ተደግፈውኝ ተነሡ። ያን ያህል ይቀሉ ኖሯል? አልዞርኩም፤ ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ጠበቅሁ።

"አሁን ይዙሩ" አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። "ይህን ደረጃ ሁለተኛ አልወጣውም። ከለቅሶ ስመለስ አልጋዬ እዚህ ይጠብቀኝ።"

ልከራከር ስል ባለቤቴ በዓይኗ ያዘችኝ። እናትና ልጅ ወደ ለቅሶው ሄዱ። እኔም የአልጋውን ብሎን መፍቻ ይዤ ወደ ፎቅ ወጣሁ።