የአጎቴ የሌላንድ ዱላ

አጎቴ ሌላንድ አብሯቸው የሚቀበረውን ዱላ አልጋቸው ራስጌ ሰቅለው ነበር የሚተኙት። እኛ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆንነው ሞሃውኮች ዘንድ ወንድ ሲወለድ፣ ላክሮስ ለሚባለው የኳስ ጨዋታ የሚሆን ባለመረብ ትንሽ ዱላ አጠገቡ ይደረግለታል፤ ሲሞት ደግሞ የራሱን ይዞ ይሄዳል። ወዲያኛው ዓለም በደረሰ ዕለት ጨዋታ አለበት። ባዶ እጁን የሄደ ዳር ቆሞ ያያል።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ኒውዮርክ ፎቅ ላይ ብረት ሲያያይዙ፣ ቅዳሜና እሁድ ጓሯቸው ተቀምጠው ዱላ ሲጠርቡ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሂኮሪ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ይፈልጣሉ፣ በእንፋሎት አለስልሰው ጫፉን ያጎብጣሉ፣ ወራት አድርቀው መረቡን በቆዳ ጠፍር ይሠሩለታል። በመንደራችን ወንዝ ግራና ቀኝ የእሳቸው ዱላ የሌለበት ቤት የለም። ለራሳቸው ግን አንድ ብቻ ነበራቸው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የሠሩት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጥረብ ተዉ። ቀጥሎ ሳንባቸው ታመመ፤ ሐኪሞቹም መኸርን አያልፉም አሉ።

"ከስልሳኛ ፎቅ ያልወደቅሁ ሰውዬ ከአልጋ ወደቅሁ" ብለው ይስቁ ነበር። ሞትን ፈርተው አያውቁም። "ወንድሜ ሃዋርድ እዚያ እየጠበቀኝ ነው። በጉልበቱ መትቶኝ ዳኛው ያላየለት ነገር አለ፤ ሂሳቤን ሳልወስድ አልቀርም!"

እኔ ዋንዳ እባላለሁ። እልኸኛ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ልጅ ሳለሁ ወንዶቹ ሲጫወቱ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ከማየት በቀር የተፈቀደልኝ ነገር አልነበረም፤ ያንን ቂም ይዤ አርባ ዓመት ሞላኝ። ስለዚህ በዚያ ዓመት በረዶው እንደቀለጠ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት ላሉ ሴት ልጆች የመንደር ቡድን አቋቁማለሁ ብዬ ተነሣሁ። የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ስንት ነገር ተባልኩ። ግማሹ "ጨዋታው የወንዶች ነው" አለ፣ ግማሹ "ዋንዳ ባል አጥታ ነው" አለ። መጨረሻ ላይ አጎቴ ሌላንድ ተነሡ።

"ከፕላስቲክ ዱላም ባልዲም ይሠራል" አሉ። "ልጆቹ በባልዲ ቢጫወቱ እኛን ምን አገባን? የፕላስቲኩን ዱላ እንደፈለጉ ያድርጉት። እንጨቱን ግን ሴት አትንካብኝ። እንጨቱ መድኃኒት ነው፤ በሽተኛ እንዲድን የምንጫወትበት፣ ይዘነው የምንሄድበት ነው። ሴት የነካችውን እኔ አልይዝም።"

በዚህ አለቀ። ሃያ ሁለት ልጆች ተመዘገቡ። የመጀመሪያዋ የአጎቴ የልጅ ልጅ ጆሊን ነበረች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደ ፍየል የምትዘል፣ አንድ ቦታ መቆም የማትችል ልጅ። አያቷን በእኛ አፍ ቶታ እያለች ነው የምትጠራቸው። ቡድን መግባቷን ስትነግራቸው "ባልዲሽን አጥብቀሽ ያዢ" ብለው ሳቁባት።

ችግሩ ዱላ ነበር። ለሃያ ሁለት ልጅ አሥራ አራት ፕላስቲክ ብቻ አገኘሁ። ስምንቱ ሜዳ ዳር ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። አንድ ማክሰኞ ተናደድኩና "ነገ እቤቷ ዱላ ያላት ይዛ ትምጣ! ቆሞ ማየት በቃ!" ብዬ ጮህኩ። እኔ የወንድሞቻቸውን ፕላስቲክ ማለቴ ነው። ሌላ አገር ያለ አሠልጣኝ ይህን ቢል ምንም አይመጣበትም። እኔ ግን የምለውን ማወቅ ነበረብኝ፤ በእኛ መንደር ዱላ የሌለበት ቤት የለም፣ አብዛኛውም እንጨት ነው።

በማግስቱ ጆሊን ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ከሁሉ ቀድማ መጣች። መኪናዬን አቁሜ ስወርድ ብቻዋን ከግድግዳ ጋር ኳስ ትቀባበላለች። ድምፁ የፕላስቲክ አልነበረም። ጠጋ ስል አወቅሁት፤ አጎቴ አልጋቸው ራስጌ የሰቀሉት ዱላ ነው።

"ጆሊን! ምን አድርገሽ ነው?"

"ይዛችሁ ኑ አላልሽም? ቶታ ተኝቶ ነበር። ሳይነቃ እመልሰዋለሁ።"

"እንጨት እኮ ነው!"

ዱላውን አየችው፤ ከዚያ እጇን አየች። ስትሰርቀው ያላሰበችውን አሁን አሰበችው መሰለኝ፤ ፊቷ አመድ ሆነ። "አክስቴ፣ ማንም አላየም" አለች። "ፎጣውን ጠቅልዬ ልመልሰው? ልንገረው ወይስ ልተወው?"

እዚህ ላይ ልዋሽ አልፈልግም። ያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ቡድኔ ነው። ነገሩ በኋላ ቢወጣ አዳራሹ ውስጥ የሚሉኝን አሰብኩ፤ ሴቶቹ ተደብቀው ነኩ፣ ዋንዳ ሸፈነች። ስለዚህ አንገቴን ቀና አድርጌ "እኛ ተደብቀን አንጫወትም" አልኳት። "ሄደሽ እውነቱን ትነግሪያቸዋለሽ። አብሬሽ እመጣለሁ።"

አጎቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የበቆሎ ሾርባቸውን ያቀዘቅዛሉ። ጆሊን በሩ ላይ ቆማ፣ ፎጣውን እንደታቀፈች ሁሉንም ተናገረች። አንድ ቃል አላስቀረችም። ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"ማን አየሽ?"

"አክስቴ ብቻ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ታዲያ ለምን ነገራችሁኝ?"

"እውነቱን ማወቅ አለብዎት ብዬ ነው" አልኩ።

"ሳላውቅ ይዤው ብሄድ እኔም ዱላውም ምንም አንሆንም ነበር" አሉ። "አሁን አወቅሁ። ከዚህ በኋላ ምን ላድርገው?"

አልጮኹም። ነገሩ በመንደሩ ሲሰማ ጸሎት የሚመሩት ሽማግሌ መጥተው ትምባሆ አጢሰው ሊያነጹት ፈቃደኛ ሆኑ። አጎቴ አመሰገኗቸውና "አንተ ታነጻዋለህ፣ እኔ ግን አልረሳም" አሏቸው። ልጃቸው ከርቲስ የራሱን አመጣ። "አንተስ ምን ይዘህ ትሄዳለህ?" ብለው መለሱለት። አጎቴ ድሮ ዱላ የሠሩላቸው ሰዎችም የየራሳቸውን ይዘው ደጅ ቆሙ። "የሰጠሁትን አልቀበልም" አሉ። እንዲህ ግትር ናቸው፤ እኔም ከማን እንደወረስኩት ይታወቃል።

ጆሊንን አንድ ቀን አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻል ነበር። ውኃ ስታመጣላቸው "አመሰግናለሁ" ይሏታል፣ ለእንግዳ እንደሚባለው። ባልዲ የሚለው ቀልድ ቀረ።

አዲስ ዱላ ሊሠሩ ከርቲስን ሂኮሪ አስቆረጡት። ሐኪሙ የሰጣቸው ጊዜ እንጨቱ ከሚደርቅበት ጊዜ እንደሚያንስ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሦስት ሳምንት እርጥቡን እንጨት ላጉ። ሲያስሉ ያቆማሉ፣ ሳሉን ሲጨርሱ ይቀጥላሉ። ጆሊን በየቀኑ ከትምህርት ቤት መጥታ ፍቅፋቂውን ትጠርጋለች፤ እንጨቱን ግን በዓይኗም ለመንካት የፈራች ነበር የምትመስለው። ሊያጎብጡት በእንፋሎት የሞከሩ ቀን፣ ከርቲስ አንዱን ጫፍ ይዞላቸው፣ እንጨቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። አጎቴ ስንጣቂውን ትንሽ አዩትና "በቃ" አሉ። አልጋ ገቡ፤ በዘጠነኛው ቀን አረፉ።

ባዶ እጃቸውን ቀበርናቸው። ከርቲስ የራሱን በድብቅ ሳጥኑ ውስጥ ሊያደርግ ፈልጎ ነበር፤ እናቱ ከለከለችው። "በሕይወቱ እምቢ ያለውን፣ ሞተ ብለህ አታሸንፈውም" አለችው። ሰው ሁሉ እጃቸውን ያይ ነበር። እኔ ማየት አልቻልኩም።

ለሟች በአሥረኛው ቀን የሚደረገው ድግስ ካለፈ በኋላ፣ ልምምድ ላይ ሳለን ጆሊን መጣች። ልጆቹ ስሟን እየጠሩ ሮጡላት፤ አላየቻቸውም። ማሊያዋን አጥባ፣ አጥፋ ነበር ያመጣችው።

"ጆሊዬ፣ አንቺ ጥፋት የለብሽም" አልኳት። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች።

ማሊያውን ተቀበልኳት። ልትሄድ ዞር ብላ እንደገና ተመለሰች፤ ቁጣም ልቅሶም የለባትም።

"አክስቴ፣ ዝም በይ ብትይኝ ኖሮ" አለችኝ፣ "እስክሞት ድረስ ዝም እል ነበር እኮ።"